«ፑፍ» ካለ አታቀባብል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ኢላማ ተኩስ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። የሚተኩሰው በ22 ካሊበር ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። በአንድ ልምምድ ላይ ሦስት ችግር ተከታትሎ ገጠመው። መጀመሪያ ምላጩን ሲስብ «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ቀጥሎ ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቆሞ ተሰነቀረ። በመጨረሻ አንዱ ጥይት እንደ ሌሎቹ ሳይጮህ «ፑፍ» ብሎ ቀረ። አቀባብሎ ሊቀጥል ሲል አጠገቡ ያለው ተኳሽ «አቁም!» ብሎ ጮኸበት። «ከቪዲዮ የተማርኩት ካዝናውን ከታች መታ አድርጎ፣ አቀባብሎ መቀጠል ነው። ሰውየው ለምን እንደዚያ ደነገጠ? ጥፋቱ የሽጉጡ ነው፣ የጥይቱ ነው ወይስ የእኔ? በቅርቡ ውድድር ስለምገባ ቶሎ መፍታት እፈልጋለሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የጮኸብህ ሰው ትልቅ ውለታ ውሎልሃል። ስታገኘው አመስግነው። ሦስቱም ተኩስ ስላቋረጡብህ አንድ ዓይነት ችግር መስለው ታይተውሃል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ሁለቱ ያናድዳሉ። ሦስተኛው ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል።

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሁ አለ፣ ማቀጣጠያው አለ፣ ባሩዱ አለ፣ ከፊት ደግሞ አረሩ አለ። መምቻ መርፌው ማቀጣጠያውን ይመታል፣ ማቀጣጠያው ባሩዱን ያነዳል፣ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ አረሩን ገፍቶ ያስወጣል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ቀለህ ባሩድ ሳይገባበት ከፋብሪካ ያልፋል። ጥይት ራሳቸው የሚሞሉ ሰዎች ላይ ደግሞ ይህ በብዛት ይደርሳል። ወይም ባሩዱ በጣም ያንሳል፣ ወይም እርጥበትና ዘይት ነክቶት በደንብ አይነድም። ያን ጊዜ አረሩን የሚገፋው የማቀጣጠያው ጉልበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጉልበት አረሩን ከቀለሁ ነቅሎ በርሜሉ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ለማስገባት ይበቃል። በአፈሙዙ ለማስወጣት ግን አይበቃም። አረሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

ውጪ ሆነህ የምታውቀው በምልክቱ ነው። ድምፁ ደከም ይላል። ርግጫው ይጠፋል ወይም በግልጽ ይቀንሳል። ኢላማው ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። አንዳንዴ ከቀለህ መውጫው በኩል ጭስ ይተናል። የሽጉጡ ተንሸራታች አካል (በተኮስክ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) ወደ ኋላ የሚገፋው ስላላገኘ ባለበት ይቆማል።

አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። ተንሸራታቹ ስላልሠራ ሽጉጡ የነከሰ ይመስልሃል። እጅህም የለመደውን ያደርጋል፤ ያቀባብላል። ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል፣ ተንሸራታቹ በደንብ ይዘጋል። ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። በርሜሉ ግን ተደፍኗል።

ያን ጊዜ ምላጩን ብትስብ ምን ይሆን ነበር? የ22 ጥይት በጤናማ ተኩስ እንኳ እስከ 1,700 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ እስከ 2,350 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ባር ተኩል ገደማ ነው። ያ ሁሉ ግፊት ብረቱን ሳይጎዳ የሚያልፈው አረሩ እየሸሸ ለጋዙ ቦታ ስለሚለቅለት ነው። ከፊቱ ሌላ አረር ተሰንቅሮ ከሆነ መሸሻ የለም። በ22 ብዙ ጊዜ የሚሆነው በርሜሉ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ማበጡ ነው። ጉልበታም በሆነ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ላይ ግን በርሜሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ካዝናው ከእጀታው ተስፈንጥሮ ሊወጣ፣ የብረት ስብርባሪ ወደ ፊትህና ወደ ጎረቤትህ ሊወረወር ይችላል። «የእኔ 22 ነው፣ ቢበዛ ያብጣል» ብለህ እንዳታልፈው አደራ። እጅ በትንሹ ሽጉጥ ላይ የለመደውን ነው ነገ በትልቁ ላይ የሚደግመው።

ከበሮ ያለው ሽጉጥ ላይ ምልክቱ ትንሽ ይለያል። አረሩ ግማሹ ከበሮው ውስጥ፣ ግማሹ በርሜሉ ውስጥ ሆኖ ከቆመ ከበሮው አልዞርም ይላል። በጉልበት ለማዞር መታገል አያስፈልግም። ከመያዙ በፊት የሰማኸውን ድምፅ አስታውስ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ድምፁ ወይም ርግጫው ከወትሮው ከተለየብህ፣ ጥርጣሬ ብቻ ቢሆንም፣ ተኩስ አቁም። ጣትህን ከምላጩ አውጣ። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ከዚያ ካዝናውን አውጣ፣ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስበህ ቆልፈው። ጥይት የሚያርፍበት ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጥ። የተኩስ መስመሩን ኃላፊ ጥራ። በርሜሉ ከሽጉጡ የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ከኋላ በኩል በብርሃን ተመልከቱ። የማይወጣ ከሆነ የናስ ወይም የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብታችሁ እስከ ኋላ ማለፉን እዩ። ዘንጉ መሃል ላይ ከቆመ አረሩ እዚያ አለ። ባለሙያ በልኩ ዘንግ ቀስ እያለ መትቶ ያወጣዋል። የአረብ ብረት ዘንግ በርሜሉ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ስለሚቧጥጥ አይሆንም። ሌላ ጥይት ተኩሶ ለማስወጣት መሞከርማ በፍጹም የማይታሰብ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው፣ «ቀጭ» ብሎ ዝም ወዳለው እንሂድ። ይህ በተራ ቋንቋ ጥይቱ ከሸፈ የምንለው ነው። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ከሽፏል። ግን አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይነዳል። በዘመናዊ ጥይት ይህ በጣም ብርቅ ነው። ቢከሰትም መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ነገር ግን የከሸፈውን ከዘገየው ውጪ ሆነህ መለየት አትችልም። ለዚህ ነው እዚህም 30 ሰከንድ የምንጠብቀው። ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ የሚል የተኩስ ሜዳ ካጋጠመህ ደቂቃውን ጠብቅ። ጥይቱ ክፍሉ ውስጥ እያለ ቢነድ አረሩ ወደ ኢላማው ይሄዳል፤ ማንም አይጎዳም። ተንሸራታቹን ከፍተህ ውጪ ሲሆን ቢነድ ግን ቀለሁን ደግፎ የሚይዘው ብረት የለም። ቀለሁ ራሱ ይፈነዳል፣ የናስ ስብርባሪ ይረጫል። መነጽር ግዴታ የሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ነገር ያደርጋል። ሽጉጡን እንደያዘ ወደ ጓደኛው ዞሮ «አልተኮሰም እኮ» ይላል። አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። እባክህ፣ መናገር ካለብህ ሳትዞር ተናገር።

ሌላም ልብ የምትለው ነገር አለ። ያልተተኮሰ ጥይት ስታወጣ መዳፍህን ቀለህ መውጫው ላይ አድርገህ ጥይቱን ለመቅለብ አትሞክር። ቪዲዮ ላይ ሲያደርጉት ያምራል። ነገር ግን ጥይቱ ወደ ኋላ ሲመጣ ማቀጣጠያው ቀለህ በሚያስፈነጥረው ብረት ተመትቶ የተኮሰባቸው ሰዎች አሉ። መዳፋቸው ላይ ነው የፈነዳው። ጥይቱ መሬት ይውደቅ፤ ጎንበስ ብለህ ታነሳዋለህ።

ካነሳኸው በኋላ ጠርዙን በደንብ እየው፤ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው። የ22 ጥይት ማቀጣጠያ እንደ ትልልቆቹ በግርጌው መሃል አይደለም። የሚቀጣጠለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተዘረጋ ነው። ቅመሙ እርጥብ እያለ ቀለሁን በማሽከርከር ነው ወደ ጠርዙ የሚገባው። አንዳንዴ ታዲያ አንዱ ጥግ ሳይዳረሰው ይቀራል። መርፌው ያንን ጥግ ከመታ ጥይቱ ዝም ይላል። 22 ከሌሎች ጥይቶች ይልቅ ደጋግሞ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ጠርዙ ላይ ጥልቅና ግልጽ የመርፌ ምልክት ካየህ ሽጉጡ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ምልክቱ ስስ፣ የተጫረ ያህል ብቻ ከሆነ ወደ ሽጉጡ ዙር። መርፌው በጥላሸት ተይዞ ይሆናል፣ የመዶሻው ሞላ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ቀርቶ የመርፌው ጉልበት እሱን በመዝጋት አልቋል። ተንሸራታቹ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። የ22 አረር አብዛኛውን ጊዜ ሰም ወይም ቅባት የተቀባ እርሳስ ስለሆነ ቆሻሻው ብዙ ነው። እዚያው ላይ ዘይት ካበዛህበት ከጥላሸቱ ጋር ተቦክቶ ይጋገራል። ትንሽ ዘይት በቂ ነው።

የ22 መሣሪያ ባዶውን ምላጭ መሳብም አይመከርም፣ አምራቹ ይቻላል ካላለ በቀር። በብዙ ሞዴሎች መርፌው ጥይት ሲያጣ የክፍሉን ጠርዝ ይመታል። ጠርዙ ይላጥና ቀለህ አላስወጣ ይላል።

የከሸፈውን ጥይት ኪስህ ውስጥም ቆሻሻ መጣያም ውስጥ አትጣለው። የተኩስ ሜዳዎች ለዚህ የተለየ ሣጥን አላቸው።

ሁለተኛው ችግርህ፣ ቀለህ መውጫው ላይ ቆሞ መሰንቀሩ፣ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ባዶው ቀለህ ወጥቶ ሳይጨርስ ተንሸራታቹ ተመልሶ ነከሰው ማለት ነው። አፈታቱ አጭር ነው፦ ጣት ከምላጭ ውጪ፣ አፈሙዝ ወደ ኢላማ፣ ካዝናውን አውጣ፣ ተንሸራታቹን ሳብ፣ ቀለሁ ይወድቃል። ለምን እንደሆነ ማወቁ ነው ጊዜ የሚወስደው። ጥይቱ ለሽጉጡ ደካማ ሊሆን ይችላል። ብዙ የ22 ሽጉጦች ፈጠን ባለ ጥይት ብቻ ነው በደንብ የሚሠሩት። ቀለሁን የሚጎትተው ጥፍር ሥር ቆሻሻ ሊኖር ወይም ጥፍሩ ሊያረጅ ይችላል።

ወይም ደግሞ አንተ ልትሆን ትችላለህ። ይህን ስልህ ቅር እንዳይልህ፤ ጀማሪ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ የሚሠራው ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሲሮጥ እጀታው ባለበት ሲቆም ነው። የእጅ አንጓህ ላላ ካለ ሽጉጡ በሙሉ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተንሸራታቹም የሚገባውን ርቀት ሳይሄድ ይመለሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ያንኑ ሽጉጥ፣ ያንኑ ካዝና፣ ያንኑ ጥይት ልምድ ላለው ሰው ስጠው። እሱ ላይ ካልነከሰ አንጓህን አጠንክር።

ካዝናውንም አትርሳው። ጥይት አልጎርስ ሲል፣ ሁለት ጥይት ባንድ ላይ ሲመጣ፣ የመጨረሻው ጥይት ሳይገባ ሲቀር፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካዝናውን ነው። የላይኛው ከንፈሩ በትንሹ ከተጣመመ ወይም ሞላው ከደከመ ሽጉጡ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን አይሠራም። ካዝናዎችህ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፍባቸው። ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና፣ የትኛው ጥይት፣ ስንተኛው ጥይት ላይ እንደሆነ ማስታወሻህ ላይ አስፍር። ችግሩ 2 ቁጥርን ብቻ እየተከተለ ከሄደ ገንዘብህን ሽጉጥ ጠጋኝ ላይ ከማውጣትህ በፊት 2 ቁጥርን ጣለው። ስትፈትሽም አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ጥይቱንም ካዝናውንም ዘይቱንም ባንድ ቀን ከቀየርክ የቱ እንዳዳነህ አታውቅም።

አሁን ከቪዲዮ ወደተማርከው ልምጣ። ካዝናውን መታ፣ አቀባብል፣ ቀጥል የሚለው የወታደርና የፖሊስ ሥልጠና ነው። እነሱ ፊት ለፊታቸው የሚተኩስባቸው ሰው አለ። ቆመው ቢያስቡ ይሞታሉ። ስለዚህ በርሜሉ ሊፈነዳ የሚችልበትን ጥቂት ዕድል ተቀብለው ይቀጥላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። አንተ ፊት ግን ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ይጠብቅሃል። ያንን እንቅስቃሴ እንደ ሪፍሌክስ እጅህ ላይ ካስገባኸው አንድ ቀን «ፑፍ» ሲል ጭንቅላትህ ከመስማቱ በፊት እጅህ ጨርሶታል። ኢላማ ተኳሽ መልመድ ያለበት ሪፍሌክስ ሌላ ነው፦ የተለየ ነገር ሲሰማ እጁ እንዲቆም። እያንዳንዱን ተኩስ መስማት ልመድ። የጆሮ መከላከያህ ድምፁን ቢቀንሰውም ልዩነቱን አይሰውርብህም፤ ርግጫውም እጅህ ላይ አለ።

አንተ ያልጠየቅኸኝ ነገር ግን ሳልናገር የማላልፈው አለ። ምላጩን አንዴ ስበህ ሁለት ጥይት ከወጣ፣ ወይም ምላጩን ሳትነካ ተንሸራታቹ ሲዘጋ ከተኮሰ፣ የዚያ ቀን ልምምድ እዚያ ላይ ያበቃል። መርፌው በቆሻሻ ወደ ፊት ተጣብቆ፣ መዶሻውን የሚይዘው ጥርስ ተበልቶ፣ ወይም አንድ ሰው ምላጩን አቀልላለሁ ብሎ ከመጠን በላይ ሞርዶት ሊሆን ይችላል። ኤስ.ኬ.ኤስ ጠመንጃ ከመጋዘን ቅባቱ በደንብ ሳይጸዳ ሲተኮስ በዚህ ጠባዩ ይታወቃል፤ የአብዛኞቹ መርፌ ሞላ ስለሌለው ቅባት ያዘው ማለት ወደ ፊት ወጥቶ ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ባለሙያ ሳያየው ጥይት አይጎርስም።

ወደ ውድድሩ እንሂድ። ቶሎ መፍታት የሚለው ሐሳብህ እዚያም አያዋጣህም። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ የሽጉጥ ችግር በሁለት ይከፈላል፤ የሚፈቀድና የማይፈቀድ። ጥይት ከሸፈ፣ አረር በርሜል ውስጥ ቀረ፣ ምላጩ አልሠራ አለ፣ እነዚህ የሚፈቀዱ ናቸው። የጀመርከውን የተኩስ ዙር እንድትጨርስ ወይም እንድትደግም እንደ ውድድሩ ዓይነት ዕድል ይሰጥሃል። ሴፍቲውን (ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) ሳትከፍት ቀርተህ፣ ጥይት ማጉረስ ረስተህ፣ ወይም ካዝናውን በደንብ ሳታስገባ ቀርተህ ከሆነ ግን ዕዳው የራስህ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ዳኛው ከማየቱ በፊት መዝጊያውን፣ ውስጡን ወይም ሴፍቲውን ከነካህ፣ ትክክለኛ ብልሽት ቢሆንም እንኳ የማይፈቀድ ይሆንብሃል። በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ አምስት ጥይት በ8፣ በ6፣ በ4 ሰከንድ ነው የሚተኮሰው። አራት ሰከንድ ውስጥ ሲነክስብህ እጅህ ሊያቀባብል ይፈልጋል። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዝክ ነፃውን እጅህን አንሳ። በቃ።

ብልሽት ትልቁንም ተኳሽ አይምርም። ህንዳዊቷ ማኑ ባከር እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ማጣሪያ ላይ ሽጉጧ ተበላሽቶባት ነበር። ከመስመር ወጥታ እስኪስተካከል ደቂቃዎች ባከኑባት። ለፍጻሜ ሳታልፍ ቀረች። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ሁለት ነሐስ ወሰደች። አንተም መለዋወጫ መርፌና ሞላ፣ የተፈተነ ተጨማሪ ካዝና፣ ከሽጉጥህ ጋር ተስማምቶ ያየኸውን አንድ ዓይነት ጥይት ይዘህ ሂድ። በውድድር ቀን አዲስ ጥይት አይሞከርም።

ላሁኑ ሽጉጡን አትተኩስበት። ባለሙያ በርሜሉን ይይልህ። በደንብ አጽድቶ በብርሃን ሲያየው ውስጡ ላይ እንደ ጥላ ያለ ክብ ቀለበት ከታየው በርሜሉ አብጧል፤ ይቀየራል። ቀለበት ከሌለና አረሩ ከወጣ ሽጉጥህ ደህና ነው። ስትሄድ የተሰነቀረውንና የ«ፑፉን» ቀለህ ካገኘህ ለይተህ ውሰድለት፤ ከአፍ ታሪክ ይልቅ እነሱ ይነግሩታል። ከዚያ ፓኬት የተረፈውንም ጥይት አትጨርሰው። ፓኬቱ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ጻፍና ለሸጠልህ ሰው መልስለት፤ ያው ቁጥር ያለበት ሌላ ፓኬት ቤትህ ካለም አብረህ ውሰደው።